ዕጢው ውስጥ ሊምፎሳይት ታየ ማለት ካንሰሩ ተሰራጨ ማለት ነው?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት ኮምቦልቻ ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከባድ መኪና ሲነዱ፣ በጅቡቲ መስመር ላይ ነው። ሲጋራም ያጨሳሉ። በቅርቡ ሽንታቸው ደም ቀላቀለ። በካሜራ ሲታይ ፊኛቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ ተፍቆ ወጣና ለምርመራ ተላከ። ወረቀቱ ካንሰር መሆኑን ይናገራል። ከታች ደግሞ ‹በዕጢው ውስጥና ዙሪያ በርካታ ሊምፎሳይቶች ይታያሉ› ይላል። አንዱ ዘመዳችን ‹ሊምፍ ከገባማ ተሰራጭቷል፣ አበቃ› አለን። ሌላው ‹ሰውነታቸው እየተዋጋ ነው፤ ደስ ይበላችሁ› ይላል። ማንን እንመን? እነዚህን ሴሎች በምግብ ወይም በመድኃኒት ማብዛትስ ይቻላል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። የመጀመሪያው ዘመድሽ የፈራው ነገር በዚያ መስመር ላይ የለም።

ግራ ያጋባው ስሙ ነው። ሊምፎሳይት ነጭ የደም ሴል ነው። የካንሰር ሴል አይደለም፤ የአባትሽ የራሳቸው ዘበኛ ነው። ሊምፍ ኖድ ሌላ ነው። እሱ እኛ ንፍፊት የምንለው ነው፤ ብብት ሥር፣ ብሽሽት ላይ፣ አንገት ላይ የሚያብጠው። በሆድ ውስጥም፣ ፊኛው አጠገብም አለ። ካንሰር ንፍፊት ውስጥ ገባ ከተባለ፣ አዎ፣ ያ መሰራጨት ነው። ይህን ግን ከፊኛ ከተፋቀ ቁራጭ ማወቅ አይቻልም። በሲቲ ስካን ይታያል፣ ወይም ንፍፊቱ ራሱ ወጥቶ ይመረመራል። ሦስተኛው ቃል ሊምፎቫስኩላር ኢንቬዥን ነው። የካንሰር ሴል በቀጫጭን የደምና የሊምፍ ቱቦዎች ውስጥ ገብቶ ስናገኘው የምንጽፈው ነው። እሱ ያሳስባል። ወረቀቱን አውጪና ይህ ቃል ካለበት ጎኑ «ታይቷል» ይላል ወይስ «አልታየም» የሚለውን አንብቢ።

ሁለተኛው ዘመድሽ ወደ እውነቱ ቀርቧል። ደስታው ግን ትንሽ ፈጥኗል።

እኔ ፓቶሎጂስት ነኝ። ያን መስመር ስንጽፍ ምን አይተን እንደሆነ ላሳይሽ። የተፋቀው ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ሰም ውስጥ ይቀበራል። ከፀጉር በብዙ እጥፍ ቀጥኖ ይቆረጥና መስታወት ላይ ይለጠፋል። ሐምራዊና ሮዝ ቀለም እንቀባዋለን። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የዕጢው ሴሎች ትልልቅ ናቸው፤ ቅርጻቸው የተዛባ፣ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል። ሊምፎሳይቱ ግን ትንሽ፣ ክብ፣ ጠቆር ያለ ነጥብ ነው። ሰፌድ ላይ የተበተነ ኑግ በዪው። አንዳንዴ ኑጉ ዕጢው ዳር ላይ ተከምሮ ይታያል። አንዳንዴ ደግሞ በዕጢው ሴሎች መሃል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሰርጎ ገብቶ ይገኛል።

በዚህ የተለመደ ቀለም ኑጉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሊምፎሳይት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የትኛው ቲ ሴል፣ የትኛው ቢ ሴል እንደሆነ ግን በዓይን አይለይም። ለመለየት ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባል ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል፤ የሚፈለገውን ሴል ብቻ ነጥሎ ቡናማ ያደርገዋል። ስለዚህ የአባትሽ ወረቀት «ዘበኞች አሉ» ብሎ አቆመ እንጂ የትኞቹ እንደሆኑ፣ ነቅተው ይሁን አሸልበው፣ አልነገረሽም።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? የዘበኞቹ ሁሉ ሥራ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው።

ካንሰርን በመግደል ዋነኛው ሲዲ8 የሚባለው ቲ ሴል ነው። የታመመውን ሴል ተጠግቶ፣ ነክቶ ነው የሚገድለው። ከሩቅ አይተኩስም። ይህን ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 እነ ፓድማኒ ሻርማ የ69 የፊኛ ካንሰር ሕሙማንን ናሙና ወስደው እነዚህን ሴሎች ቆጠሩ። ካንሰሩ ጡንቻ ድረስ ከዘለቀባቸው መካከል፣ በዕጢው መሃል 8 እና ከዚያ በላይ ሲዲ8 የተቆጠረላቸው ካነሰባቸው ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ኖሩ። በሽታውም ቶሎ አልተመለሰባቸውም። ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ ጥናቶችም ወደዚያው ያመዝናሉ። የሁለተኛው ዘመድሽ ተስፋ ከባዶ አልመጣም የምለው ለዚህ ነው።

ካንሰሩ ጡንቻ ላይ ካልደረሰ ግን ነገሩ ይደበላለቃል። ቁጡ ጠባይ ያላቸው ዕጢዎች ከለዘብተኞቹ የበለጠ ዘበኛ ይስባሉ። ስለዚህ ብዙ ሊምፎሳይት ማየት አንዳንዴ ዕጢው ራሱ ቁጡ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ጥናቶቹም በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ቃል አይናገሩም። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ኢንፌክሽን፣ ካቴተር (ፊኛ ውስጥ የሚገባው የሽንት ቱቦ)፣ ቀደም ያለ መፋቅ፣ እነዚህ ሁሉ ፊኛ ውስጥ ነጭ ሴል ያከማቻሉ። የመጣው ሁሉ ለካንሰሩ ብሎ አልመጣም።

አሁን ወደዚያ «ተጠግቶ ነው የሚገድለው» ወዳልኩሽ ልመለስ። አባትሽ ሹፌር ስለሆኑ ይህን ከማንም በላይ ይረዱታል። ሐረጎ ላይ መንገድ ሲዘጋ ከኮምቦልቻ የተነሳው መኪና ሁሉ እዚያው ይደረደራል። መኪናው አለ፣ ጭነቱ አለ፣ ሹፌሩም አለ። ደሴ ግን አልገባም። በዕጢ ውስጥም እንዲሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 አቴዞሊዙማብ የተባለ፣ ቲ ሴልን የሚያነቃ መድኃኒት በወሰዱ የፊኛ ካንሰር ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ይህንኑ አሳየ። በብዙዎቹ ሲዲ8 ሴሎቹ መጥተዋል፤ ግን ዕጢውን በከበበው ጠባሳ መሰል ሥጋ ውስጥ ተይዘው ቀርተዋል። ያን አጥር ከሚያጠነክሩት አንዱ ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። አጥሩ በበረታባቸው ሰዎች መድኃኒቱ ብዙም አልሠራም። ለዚህ ነው ሪፖርት ላይ «ብዙ» ከሚለው ቃል ይልቅ «የት» የሚለውን የምፈልገው። «በዕጢው ውስጥ» እና «በዕጢው ዙሪያ» አንድ አይደሉም። የአባትሽ ወረቀት ሁለቱንም ጠቅሷል፤ ጥሩ ነው።

መሃል ገብቶም ቲ ሴል ይደክማል። ፒዲ-1 የሚባል ፍሬን አለው። ዕጢው ፒዲ-ኤል1 በሚባል ፕሮቲን ያንን ፍሬን ይረግጥበታል። ፍሬኑን የሚያስለቅቁ መድኃኒቶች የመጡት ከዚህ ዕውቀት ነው። መሠረቱን የጣሉት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. የ2018ን የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። በፊኛ ካንሰር ላይ የተገኘው ውጤት እውነተኛ ነው። ለተሰራጨ የፊኛ ካንሰር ከፍሬን አስለቃቂዎቹ አንዱን፣ ፔምብሮሊዙማብን፣ ኤንፎርቱማብ ቬዶቲን ከሚባል መድኃኒት ጋር አጣምሮ መስጠት፣ ከተለመደው ኬሞቴራፒ ጋር ሲነጻጸር፣ የሕሙማኑን መካከለኛ የመኖር ጊዜ ከ16.1 ወር ወደ 31.5 ወር አሳድጎታል። በዚህ በሽታ እንዲህ ያለ ለውጥ ለረጅም ጊዜ አላየንም ነበር። ዋጋው ግን አብዛኛው የእኛ ቤተሰብ የሚችለው አይደለም። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም።

ሁሉም ዘበኛ ወዳጅ ነው ብለሽም አታስቢ። ማክሮፌጅ የሚባሉት ትልልቅ በላተኛ ሴሎች አሉ። ዕጢው አንዳንዶቹን አባብሎ ወደ ራሱ ያዞራቸዋል፤ ደም ሥር ያበቅሉለታል፣ ቲ ሴሉን ያቀዘቅዙለታል። እንዲህ ያሉት የበዙበት ዕጢ በአብዛኛው ውጤቱ አያምርም። ተቆጣጣሪ ቲ ሴል የሚባሉም አሉ፤ ሥራቸው ጦርነት እንዳይበዛ ማብረድ ነው። በብዙ ካንሰሮች መብዛታቸው መጥፎ ምልክት ነው። በፊኛ ላይ ግን ከተሻለ ውጤት ጋር አብረው የታዩበት ጥናት አለ። ፊኛ የራሱ ጠባይ አለው። ከሌላ ካንሰር የተሰማን ነገር ወስዶ እሱ ላይ መለጠፍ ያሳስታል።

ኒውትሮፊል የሚባለውን ሌላ ነጭ የደም ሴል ደግሞ የምጠቅሰው ውጤቱ እጅሽ ላይ ሳይኖር ስለማይቀር ነው። ሲቢሲ በሚባለው ተራ የደም ምርመራ ወረቀት ላይ የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ቁጥር አለ። ኒውትሮፊሉን ለሊምፎሳይቱ ስናካፍል የሚመጣው ቁጥር ከፍ ካለ፣ በአማካይ ውጤቱ ደከም ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ምርመራው ርካሽ ነው፣ ደሴም ኮምቦልቻም ይሠራል። አደራሽን ግን ቤት ቁጭ ብለሽ እያካፈልሽ እንቅልፍ አትጪ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ ካቴተር፣ ትናንት የተደረገ ቀዶ ሕክምና፣ ሁሉም ኒውትሮፊልን ያንሩታል። ሐኪም ከሌላው ነገር ጋር አዳምሮ ያየዋል እንጂ ብቻውን አይፈርድም።

«በመድኃኒት ማብዛት ይቻላል ወይ?» ላልሽው፣ በፊኛ ካንሰር መልሱ ከብዙ ካንሰሮች ሁሉ ቀድሞ የተገኘ ነው። ይቻላል። መሣሪያውንም ታውቂዋለሽ፤ ክንድሽ ላይ ጠባሳው ይኖራል። ቢሲጂ ነው፣ የቲቢ ክትባት።

ካልሜትና ጌራን የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የከብት ቲቢ ባክቴሪያን ለ13 ዓመት እያራቡ፣ 230 ጊዜ እየገለበጡ፣ ጉልበቱን አሟጠጡት። ክትባቱ ሰው ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ አልቫሮ ሞራሌስ የተባለ በካናዳ የሚሠራ ዩሮሎጂስት ያንኑ ባክቴሪያ በካቴተር ፊኛ ውስጥ አስገብቶ በ9 ሕሙማን ያገኘውን ውጤት አሳተመ። ዕጢያቸው ቶሎ ቶሎ ይመለስባቸው የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ መመለሱ በግልጽ ቀነሰ። ዛሬም፣ ከ50 ዓመት ግድም በኋላ፣ ጡንቻ ላይ ላልደረሰ ግን አደገኛ ለሆነ የፊኛ ካንሰር ቀዳሚው ሕክምና ይኸው ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት ይሰጣል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን 2 ሰዓት ያህል ፊኛው ውስጥ ይይዘዋል፤ ከዚያ ይሸናዋል። በኋላም በየተወሰነው ወር ይደገማል።

የሚሠራው በቀጥታ ካንሰሩን በመመረዝ አይደለም። ባክቴሪያው ፊኛው ግድግዳ ላይ ሲጣበቅ ሰውነት «ጠላት ገባ» ብሎ ይነሳል። ኒውትሮፊሉ ቀድሞ ይደርሳል። ቲ ሴሉ፣ ማክሮፌጁ፣ ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባለው ሴል ይከተላሉ። በዚያ ግርግር ውስጥ የካንሰሩ ሴልም አብሮ ይመታል። ደም ውስጥ ሲበዛ መጥፎ ምልክት ነው ያልኩሽ ኒውትሮፊል እዚህ ከረዳቶቹ አንዱ ነው። ሴሉ ያው ነው፤ ቦታውና ሰዓቱ ተለወጠ።

ጠንከር ያለ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህ ከጤና ጣቢያ የሚገኘው የሕፃናት ክትባት አይደለም። መጠኑም አዘገጃጀቱም ይለያል። ክንድ ላይ ደግሞ መከተብም የፊኛ ካንሰርን አያክምም። ሽንቱ ደም እየቀላቀለ፣ ወይም ዕጢው በተፋቀ በ2 ሳምንት ውስጥ አይሰጥም፤ ባክቴሪያው ወደ ደም ገብቶ መላ ሰውነት ሊያጠቃ ይችላል። ሰውነቱን የመከላከል አቅም የደከመበት ሰውም አይወስደውም። መድኃኒቱ በዓለም ላይ በተደጋጋሚ እጥረት ስለሚገጥመው፣ ለአባትሽ ከታዘዘ አቅርቦቱን ቀድማችሁ አረጋግጡ። መሃል ላይ እንዳይቋረጥ።

አባትሽ በአፋር መስመር ስለኖሩ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አዋሽ ወንዝ ወይም የእርሻ ቦዮች ውስጥ ይታጠቡ፣ ይዋኙ ነበር? በመካከለኛው አዋሽ የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዝያ አለ። ለዓመታት ከቆየ ፊኛን ያቆስላል፤ ስኳመስ የሚባለውን የካንሰር ዓይነት ያመጣል። እንቁላሉ ባለበት ቦታ ኢዮሲኖፊል የሚባል ነጭ ሴልም ይከማቻል። እኛ ዘንድ ሐይቅና ከሚሴ አካባቢ የምናውቀው ግን የአንጀቱ ቢልሃርዝያ ነው፤ እሱ የፊኛ ካንሰር አያመጣም። ወረቀቱ «ዩሮቴሊያል» (ከፊኛው የውስጥ ሽፋን የሚነሳው የተለመደው ዓይነት) የሚል ከሆነ ዋናው ተጠርጣሪ ሲጋራው ነው።

አሁን ከሊምፎሳይቱ መስመር ይልቅ በጣት እየጠቆምሽ ልትጠይቂበት የሚገባው መስመር ጋ ደርሰናል። ጡንቻ ነው። ፊኛ ግድግዳው ድርብርብ ነው። ከውስጥ ሽፋኑ፣ ከሥሩ ስስ ሥጋ፣ ከዚያ ጡንቻው። ካንሰሩ ጡንቻውን ነክቷል ወይስ አልነካም? የአባትሽን ሕክምና ከምንም በላይ የሚወስነው ይህ ነው። ካልነካ መፋቅ፣ ቢሲጂ፣ ክትትል ነው። ከነካ ፊኛውን ማውጣት፣ ኬሞቴራፒ ወይም ጨረር የሚነሳበት ሌላ መንገድ ነው። ሕሙማን መጀመሪያ ሲመረመሩ ከ4ቱ 3ቱ ያህል ጡንቻው ያልተነካ ሆኖ ይገኛል።

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ሪፖርቱ «ጡንቻ ውስጥ አልገባም» ካለ «ናሙናው ውስጥ ጡንቻ ነበረ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ያልተቆረጠ ጡንቻ ስላልታየ ብቻ «አልተነካም» ማለት አይቻልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ናሙና በሃይላንድ ጠርሙስ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ ከተወሰደ ከ2 ቀን በኋላ ደረሰኝ። ፎርማሊን የሚባል አልነካውም። ሥጋው በስብሶ ሁሉም ነገር ደብዝዟል። ሊምፎሳይት የለ፣ ጡንቻ የለ፣ የሚለይ የለም። ሰውዬው ጠና ያሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ደግመው ተፋቁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የሁለተኛ ናሙና ነገር ከመጣ ዕቃው ሰፊ አፍ ይኑረው፤ ፎርማሊኑም ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ወረቀቱ «ቲ1» (ከሽፋኑ ሥር ያለው ስስ ሥጋ ውስጥ የገባ) ወይም «ሃይ ግሬድ» (ቁጡ) የሚል ከሆነ ሐኪሙ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ ልፋቅ ሊል ይችላል። አትደንግጡ፤ መጀመሪያ አበላሽቶ አይደለም። የቀረ ነገር እንዳለ የሚታወቀው እንደዚያ ነው። ደሙ ስለቆመም በሽታው አልጠፋም። በ3ኛው ወር ፊኛው በካሜራ መታየት አለበት። ኮምቦልቻ ሆነው «እኔ ደህና ነኝ፣ ለምን ደሴ እወጣለሁ» የሚሉ አባቶችን አውቃለሁ፤ አንቺ አትስሚያቸው።

ስለ ምግቡ አጭር ነው። ቲ ሴልን ወደ ፊኛ ዕጢ እንደሚያስገባ የተረጋገጠ ምግብም ሥርም የለም። ጥቁር አዝሙድና ማር ቤታችሁ ካለ እንደ ምግብ ይብሉት፤ ለእሱ ብላችሁ ቀጠሮ እንዳታሳልፉ እንጂ። በእጃቸው ያለ ትልቁ ነገር ሲጋራውን ማቆም ነው። የጭሱ መርዝ በኩላሊት ተጣርቶ ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሽንቱ እስኪወጣ ድረስ ግድግዳውን ሲነካ ይውላል። ካንሰሩ ከተገኘ በኋላም ማቆም ይጠቅማል። «አሁንማ ምን ዋጋ አለው» ካሉ ይህን ንገሪያቸው።

የመጨረሻው ስለ ብሎኩ ነው። የአባትሽ ሥጋ የተቀበረበት የሰም ብሎክ ላቦራቶሪው ውስጥ አለ። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከተባሉ ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፤ ብሎኩንና ስላይዱን ፈርመሽ ተረከቢ። የሲዲ8 ወይም የፒዲ-ኤል1 ምርመራ ካስፈለገ የሚሠራው ከእሱ ነው፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን። ብሎኩ ሰም ነው፣ ሙቀት አይወድም። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ የመታው ዳሽቦርድ ላይ እንዳታስቀምጪው። በላስቲክ ጠቅልለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው።